የሊቃውንት ድካም በምን ይሰፈራል?

እህል በቁና፥ ወርቅ በሚዛን ይሰፈራል፤ የሊቅ ድካም ግን በምን ይሰፈር ዘንድ ይቻላል? ሹመትና የምርምር ገንዘብ የሚሰጡ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሊያልፉ አይችሉምና፥ መስፈሪያው እንዴት እንደ ተገኘ በአጭሩ እንመልከት። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግሬጎር ሜንዴል የተባለው መነኵሴ በብርኖ ገዳም አተር እየዘራ፥ የወላጅ መልክ ወደ ልጅ የሚተላለፍበትን ሥርዓት መረመረ፤ ድርሰቱንም በ1866 ዓ.ም. አሳተመ። ነገር ግን በዘመኑ ድርሰቱን የጠቀሱት እጅግ ጥቂቶች ነበሩ። ሜንዴል በ1884 ዓ.ም. ዐረፈ፤ ሥራው የታወቀለትም በ1900 ዓ.ም. ደ ፍሪስ፥ ኮረንስና ቸርማክ እንደ ገና ባነሡት ጊዜ ነው።

ጥቅስን በመዝገብ የመከታተል ልማድ ከሕግ ሰዎች የመጣ ነው። በ1873 ዓ.ም. ፍራንክ ሼፐርድ የተባለ አሜሪካዊ፥ አንዱ ፍርድ በኋለኞቹ ፍርዶች የት እንደ ተጠቀሰ የሚያመለክት ማውጫ ማዘጋጀት ጀመረ። ዩጂን ጋርፊልድ ይህን አይቶ፥ ለሳይንስም እንዲሁ እንዲደረግ በ1955 ዓ.ም. አሳቡን ጻፈ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ከፊላደልፊያ አወጣ። የማውጫው ዋና ዓላማ፥ ተመራማሪው ከእርሱ በፊት የተጻፈውን ማን እንደ ተጠቀመበት፥ ማንስ እንደ ነቀፈው እንዲያገኝ መርዳት ነበር።

ከ1975 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መጽሔቶች በቍጥር ተነጻጽረው ይወጡ ጀመር። ስሌቱም ቀላል ነው፤ መጽሔቱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ያወጣቸው ጽሑፎች በያዝነው ዓመት የተጠቀሱበት ጊዜ ተቈጥሮ፥ ለጽሑፎቹ ብዛት ይካፈላል። ውሎ አድሮም ለመጽሔት የተሠራው መስፈሪያ ሰውን መመዘኛ ሆነ። ዳሩ ግን ቍጥሩ ምስጋናን ከነቀፋ አይለይም፤ የመጽሔቱም አማካይ የእያንዳንዱን ጽሑፍ ዋጋ አይነግርም። ስለዚህ በ2012 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ ይህ ቍጥር ለቅጥርና ለዕድገት መመዘኛ እንዳይሆን የሚጠይቅ መግለጫ አረቀቁ፤ መግለጫውም በ2013 ዓ.ም. ታተመ።

እኛም ቍጥርን የምንንቅ አይደለንም፤ ድካም የሌለበትን ስም ከእውነተኛ ሥራ ለመለየት ይረዳልና። ነገር ግን ቍጥር ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። መዝገቡን ብቻ አይቶ የሚሾም ሹም፥ ሜንዴል በፊቱ ቢቀርብ ባዶ እጁን በሰደደው ነበር። እንግዲህ የሊቅን ሥራ መመዘን የተሰጠው ሰው፥ አስቀድሞ ሥራውን ራሱን ያንብብ።