በእጅ የሚተላለፍ ቅርስ፦ ከቻይና ተማሪዎች ታሪክ

አንድ ሕዝብ ባህሉን የሚያጣው በጠላት እጅ ብቻ አይደለም። የገዛ ልጆቹም ሊያጠፉት ይችላሉ፤ መልሰው የሚያነሡትም ልጆች ናቸው። ይህን በቻይና ታሪክ እናያለን።

እ.ኤ.አ. በ1966 ዓ.ም. ማኦ ጼቱንግ የባህል አብዮትን አስጀመረ። «ቀይ ዘቦች» የተባሉ ተማሪዎች አሮጌ አስተሳሰብን፣ አሮጌ ባህልን፣ አሮጌ ወግንና አሮጌ ልማድን እንዲያጠፉ ተቀሰቀሱ። በየቤቱ እየገቡ የቆዩ መጻሕፍትንና ሥዕሎችን አቃጠሉ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር ከቤጂንግ የሄዱ ተማሪዎች በቹፉ ከተማ የጥንቱን መምህር የኮንፊሽየስን ቤተ መቅደስና መቃብር አበላሹ። ይህ ጊዜ እስከ 1976 ዓ.ም. ቆየ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተገለበጠ። እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የቻይና ትምህርት ሚኒስቴር ከ3ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎች በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ቁም ጽሕፈት እንዲማሩ መመሪያ አወጣ። በብሩሽ የሚጽፍ ተማሪ በጥንቱ ሥርዓት ደረቁን ጥቁር ቀለም ከጥቂት ውሃ ጋር በድንጋይ ላይ ያሻል፤ ብሩሹንም ቀጥ አድርጎ ይይዛል። ጀማሪ ከሆነ በቀይ በታተመው ፊደል ላይ በጥቁር ቀለም ይከተላል። «ዮንግ» የሚባለውን ፊደል ደጋግሞ ይጽፋል፤ ዋና ዋናዎቹ ስምንት የብሩሽ ጭረቶች በዚህ በአንዱ ፊደል ውስጥ ይገኛሉና። ትርጉሙም «ዘላለም» ማለት ነው።

ሌላው ሙያ የወረቀት ቆረጣ ነው። ቀይ ወረቀት ታጥፎ በመቀስ ይቆረጣል፤ ሲዘረጋ አበባ ወይም ወፍ ይሆናል፤ ለአዲስ ዓመት በዓልም በመስኮት ላይ ይለጠፋል። ይህን ሙያ በገጠር ከሁሉ በላይ እናቶች ለሴት ልጆቻቸው ከሕፃንነት ጀምረው ሲያስተምሩ ኖረዋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2009 ዓ.ም. ሁለቱንም ሙያዎች በማይዳሰስ ባህላዊ ቅርስነት መዝግቧቸዋል።

ከዚህ ምን እንማራለን? መጽሐፍ ይቃጠላል፣ ሐውልት ይሰበራል። በእናት እጅ ያለ ሙያ ግን እሳት አይደርስበትም። ሆኖም ለልጇ ካላሳየች ከእርሷ ጋር ይቀበራል።

እኛም በአገር ቤት ሳለን እናቶቻችን ሸክላ ይሠሩ፣ ጥጥ ይፈትሉ፣ ስፌት ይሰፉ ነበር። አባቶቻችን ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸማ ይሠሩ ነበር። እዚህ ማንም ይህን አላቃጠለብንም፤ ነገር ግን ሥራ ይበዛል፣ ልጆቻችንም በሌላ ቋንቋ ያድጋሉ። እሳት ያላደረገውን ዝምታ ሊያደርገው ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን አጠገባችሁ አስቀምጡ። ስለ ሙያው በመንገር ብቻ አታቁሙ፤ ጭቃውን ይንኩት፣ እንዝርቱን ያሹሩት፣ ሲበላሽባቸውም ታገሡአቸው። አያቶችም ከመካከላችን ሳሉ እንጠይቃቸው። እጅ የተማረውን በቀላሉ አይረሳም።