ታማሚው የቀደመበት ሕግ፦ የካሊፎርኒያ የማሪዋና ሕዝበ ውሳኔና የሐኪሙ ድርሻ

በሕክምና ታሪክ ምርምር ቀድሞ ሕግ ሲከተለው ማየት የተለመደ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት የማሪዋና ሕግ የተሻሻለበት ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። ታማሚዎችና አስታማሚዎች ቀደሙ፤ ሕጉ ተከተላቸው፤ ምርምሩ ከሁሉም በኋላ ደረሰ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ መመርመር ለእኛ ለሐኪሞች ጠቃሚ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1937 የአሜሪካ ምክር ቤት በማሪዋና ላይ ከባድ ግብር የሚጥል ሕግ ሲያዘጋጅ፣ የአሜሪካ ሕክምና ማኅበርን ወክለው የቀረቡት ዶ/ር ዊልያም ውድዋርድ ረቂቁን ተቃውመው ነበር። ሕጉ ግን ጸደቀ። በ1970 የወጣው የፌዴራል ሕግ ደግሞ ማሪዋናን ተቀባይነት ያለው የሕክምና ጥቅም የላቸውም ከተባሉት ዕፆች ተርታ መደበው። ጥቅም የለውም በመባሉ ጥናቱ ተገደበ፤ ጥናት በመታጣቱም ጥቅም የለውም መባሉ ቀጠለ።

ይህን አዙሪት የሰበረው የኤድስ ወረርሽኝ ነው። ውጤታማው የተቀናጀ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ከመምጣቱ በፊት፣ በሳንፍራንሲስኮ ብዙ ወጣቶች በማቅለሽለሽና በምግብ ፍላጎት ማጣት ከስተው ያልፉ ነበር። በከተማይቱ ጠቅላላ ሆስፒታል የኤድስ ክሊኒክ በበጎ ፈቃደኝነት ያገለግሉ የነበሩት አረጋዊቷ ሜሪ ጄን ራትቡን ማሪዋና ያለበት ኬክ እየጋገሩ ለታማሚዎች በነፃ ያድሉ ነበር። በ1992 ለሦስተኛ ጊዜ ሲታሰሩ ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቶ ነበር።

የሕይወት አጋሩን በ1990 በኤድስ ያጣው ዴኒስ ፔሮን በበኩሉ የከተማውን ነዋሪ አስተባበረ። በ1991 በሳንፍራንሲስኮ በተሰጠ ድምፅ ወደ 80 በመቶ የሚሆነው መራጭ ማሪዋና ለሕክምና እንዲውል ደገፈ። የግዛቱ ምክር ቤት በ1994 እና በ1995 ያወጣቸውን ሕጎች አገረ ገዥው ፒት ዊልሰን ውድቅ ሲያደርጓቸው፣ ደጋፊዎቹ ፊርማ ወደ ማሰባሰብ ዞሩ። ጆርጅ ሶሮስን የመሳሰሉ ባለሀብቶች ገንዘብ ማዋጣታቸውም ሊዘነጋ አይገባም። በኅዳር 1996 ሕዝበ ውሳኔ ቁጥር 215 ከ55 በመቶ በላይ ድምፅ አግኝቶ ጸደቀ።

ሕጉ የሐኪምን ምክር መነሻ በማድረጉ ሐኪሙ በሁለት ሕጎች መካከል ቆመ። የፌዴራል ባለሥልጣናት ማሪዋናን የሚመክር ሐኪም መድኃኒት የማዘዝ ፈቃዱን ሊያጣ እንደሚችል አስጠነቀቁ። ዶ/ር ማርከስ ኮናንትና ባልደረቦቻቸው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት፤ በ2002 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሐኪም ከታማሚው ጋር በነፃነት የመነጋገር መብቱን አጸና።

የምርምሩ ጉዞ ደግሞ የበለጠ አስተማሪ ነው። ዶ/ር ዶናልድ አብራምስ ማሪዋና ለከሱ የኤድስ ታማሚዎች ይጠቅም እንደሆነ ለማጥናት ያቀረቡት ዕቅድ ተቀባይነት አላገኘም ነበር። ፈቃድ ያገኙት ከሕዝበ ውሳኔው በኋላ፣ በ1997፣ ጥያቄው ‹‹ይጠቅማል ወይ?›› ከሚለው ‹‹ይጎዳል ወይ?›› ወደሚለው ሲለወጥ ነው። በ2003 የታተመው ውጤት በ21 ቀናት ውስጥ በታማሚዎቹ ደም ያለው የቫይረስ መጠን አለመጨመሩን አሳየ። ይህ ግን አጭር ጥናት ነው፤ የአሜሪካ የሕክምና ኢንስቲትዩትም በ1999 ባወጣው ዘገባ ለሕመም ማስታገሻነትና ለማቅለሽለሽ ተስፋ እንዳለው ሲገልጽ፣ የማጨስን ጉዳት አበክሮ አስጠንቅቋል።

የታማሚ ምስክርነት የሳይንስ ማስረጃን አይተካም፤ የምርጫ ኮሮጆም የመድኃኒትን መጠን ሊወስን አይችልም። ሆኖም ጥናትን መከልከል በራሱ ማስረጃ አይደለም። የምርምሩ በር በጊዜው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ፣ ብዙዎች ከመሞታቸው በፊት ቢያንስ እርግጠኛ መልስ ባገኙ ነበር።