የሕፃናት ደም መልስ ቧንቧዎች ያልተለመደ አፈጣጠርና የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ

ደም መልስ ቧንቧዎች ደምን ወደ ልብ የሚመልሱ ቧንቧዎች ናቸው። በተለመደው አፈጣጠር ከሰውነት የሚመለሰው ደም ወደ ልብ የላይኛው ቀኝ ክፍል ይገባል፤ ከሳንባ ኦክሲጅን ይዞ የሚመለሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በ4 ቧንቧዎች አማካይነት ወደ ላይኛው ግራ ክፍል ይደርሳል። በአንዳንድ ሕፃናት ግን ቧንቧዎቹ በፅንስነት ወቅት ከቦታቸው ውጪ ይያያዛሉ። የልብ አልትራሳውንድ ዋና ጥቅም የትኛው አፈጣጠር ጉዳት እንደሌለው፣ የትኛው ደግሞ አስቸኳይ ሕክምና እንደሚሻ መለየቱ ነው።

ጉዳት የሌለው አፈጣጠር

በፅንስ ላይ ከአንገትና ከክንድ ደም የሚመልስ ቧንቧ በግራም በቀኝም ይኖራል፤ የግራው ብዙውን ጊዜ ከመወለድ በፊት ይጠፋል። ሳይጠፋ የሚቀረው ከ100 ሰዎች ከ1 ባነሱት ላይ ሲሆን፣ ሌላ የልብ አፈጣጠር ችግር ባለባቸው ሕፃናት ላይ በብዛት ይታያል። ደሙ በአብዛኛው ኮሮናሪ ሳይነስ በተባለው የልብ ጡንቻ ደም መልስ በኩል ወደ ቀኝ ክፍል ስለሚደርስ ምልክት አያሳይም፤ ሕክምናም አያስፈልገውም። ሆኖም የልብ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ወይም በግራ አንገት በኩል ቀጭን የሕክምና ቱቦ የሚያስገባ ሐኪም አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

አስቸኳይ ሕክምና የሚሻ አፈጣጠር

ከሳንባ የሚመለሱት ቧንቧዎች በሙሉ ወደ ቀኝ ክፍል የሚፈሱ ከሆነ ኦክሲጅን ያለው ደም ከሌለው ጋር ይቀላቀላል። ችግሩ የሚስተካከለው በቀዶ ሕክምና ነው፤ ቧንቧዎቹ ከጠበቡ ደግሞ ጊዜ አይሰጥም።

ምርመራው እንዴት ይከናወናል?

ባለሙያው በሕፃኑ ደረት ላይ ቅባት ቀብቶ በመሣሪያው እያንዳንዱን ቧንቧ እስከ መጨረሻው ይከተላል፤ የደሙ አቅጣጫም በቀለም ይታያል። ምርመራው ሕመምም ጨረርም የለውም። ኮሮናሪ ሳይነስ ሰፍቶ ከታየ የግራው ቧንቧ መኖሩ ይጠረጠራል። ለማረጋገጥ የተናወጠ የጨው ውሃ በግራ ክንድ ደም ሥር ይሰጣል፤ አረፋው ከቀኝ ክፍል አስቀድሞ በኮሮናሪ ሳይነስ ከታየ ጥርጣሬው ይረጋገጣል። የሳንባ ቧንቧዎች በግልጽ ካልታዩ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ ሊታዘዝ ይችላል።

ወላጆች ምን ያድርጉ?

• የሕፃኑ ከንፈር ወይም ምላስ ከጠቆረ፣ አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም ጡት ሲጠባ የሚደክምና የሚያልበው ከሆነ፣ ሳይዘገዩ በአቅራቢያዎ ወደሚገኝ ጤና ተቋም ይውሰዱት።
• ክብደቱ በአግባቡ ካልጨመረ ለጤና ባለሙያ ያሳዩ።
• የምርመራውን ውጤት በጥንቃቄ ያስቀምጡ፤ ከማንኛውም ቀዶ ሕክምና በፊትም ለሐኪሙ ያሳዩ።