ቃላድና ርስት

ጎጃም በ1960 ዓ.ም. ያመፀው ግብር በዝቶበት ነው የሚል ሰው ሲገጥመኝ ዝም ማለት አይሆንልኝም። በርግጥ ነገሩን ያፈነዳው የዚያ ዓመት የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ነው። ለብዙው ገበሬ ግን ብሩ ያን ያህል አልነበረም። ያስፈራው ገማቹ ነው። ዛሬ እህሉን የገመተ ነገ ቃላድ ይዞ ይመጣል፤ መሬት ከተለካ ደግሞ ርስት የለም!

ይህ ፍርሃት እንዲገባን ርስት ማሳ ማለት አለመሆኑን ማወቅ አለብን። ርስት የመጠየቅ መብት ነው። ከአቅኚው አባት መወለዱን በእናቱም ሆነ በአባቱ ቆጥሮ ያስረዳ ሁሉ ድርሻ ይገባኛል ይላል። አንድ ሰው በአያት በቅድመ አያቶቹ በኩል በሦስት በአራት ደብር ባለርስት ነኝ ሊል ይችላል፤ የሚያርሰው ግን ተሟግቶ የረታውን ነው። አለን ሆበን የተባለው አሜሪካዊ አጥኚ ደጋ ዳሞት ተቀምጦ ይህንኑ አጥንቶ መጽሐፍ አድርጎታል። ወገኑን ወክሎ መሬት የሚያካፍል ፈጅ ነበር፤ ትውልድ የሚቆጥሩ ሽማግሎች ነበሩ። ዘር ማወቅ ሥልጣን ነበር ማለት ነው። ርስትን ገነት አድርገው ለሚያወሩልን ግን ሙግት ገንዘብና ወገን እንደሚፈልግ፣ ሸማኔውና ቀጥቃጩም አብዛኛውን ጊዜ ከድርሻው ውጪ እንደነበሩ ማስታወስ ደግ ነው።

ሞጣና ቢቸና ሲነሡ፣ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ በመሣሪያ ምዝገባና በመዋጮ ሕዝቡን ቀድሞውኑ አስመርረውታል። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ሳይቀር! በመጨረሻ ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሡ፤ በኋላም ውዝፉ ግብር ተማረ። ገበሬው ረታ።

የተፈራው ቃላድ ግን በሌላ በር ገባ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት አደረገ። ለደቡቡ ጢሰኛ ነጻነት የሆነው አዋጅ ለጎጃሜው የርስቱ ማብቂያ ሆነ። ከዚያ ወዲያ መሬት አካፋዩ የገበሬ ማኅበር ነው። በ1989 ዓ.ም. በተደረገው ድልድል ደግሞ "ቢሮክራት" የተባለው ከአንድ ሄክታር፣ ማለትም ከአራት ጥማድ በላይ እንዳይዝ ተባለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የባልና ሚስት ፎቶግራፍ ያለበት የይዞታ ደብተር መጣ፤ ሚስት ስሟ ከባሏ እኩል መጻፉ ቀላል ነገር አይደለም።

ዛሬ መሬት የሚጠይቅ ጎረምሳ አቅኚ አባትህ ማነው አይባልም። ቀበሌ ሄዶ ስሙን ያስመዘግብና ይጠብቃል። ትውልድ ቆጣሪዎቹ አዛውንት ገና አሉ፤ የሚጠየቁት ግን ልጆቹ ለጋብቻ ዝምድና እንዳይኖራቸው ሰባት ቤት ለመቁጠር ነው።