የላሌ ዘመን፦ አበባና ሥልጣን በኢስታንቡል



«አበባ መውደድና ማድነቅ ዱንያን ማፍቀር ይሆን?» የሚል ጥያቄ ከደርስ በኋላ ደጋግሞ ይቀርብልናል። በቁርኣን ውስጥ «ዘህራ» (አበባ) የሚለው ቃል የመጣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሱረቱ ጣሃ 131ኛው አንቀጽ። እዚያም የዱንያ ሕይወት ጌጥ በአበባ ተመስሏል። «ወርዳ» (ጽጌረዳ) ደግሞ በሱረቱ ረሕማን በቂያማ ቀን ለምትሰነጠቀው ሰማይ ምሳሌ ሆና መጥታለች። አበባው አልተወገዘም። ማማሩና ቶሎ መርገፉ ግን ለምሳሌነት አብቅቶታል። ነገሩን በታሪክ ብናየው ይሻላል ብለን ዛሬ ወደ ኢስታንቡል እንሄዳለን።

ቱርኮች ላሌ የሚሉት አበባ ሌላው ዓለም ቱሊፕ የሚለው ነው። እንደ ሽንኩርት ካለ ሥር ይበቅላል፤ በሚያዝያ ገደማ ያብባል፤ ብዙም ሳይቆይ ይረግፋል። በዐረብኛ ፊደል ሲጻፍ «ላሌ» የያዛቸው ፊደላት «አላህ» በሚለው ስም ውስጥ ካሉት ጋር አንድ ናቸው፤ «ሂላል» (ጨረቃ) የሚለውም እንዲሁ። በአብጀድ ስሌት ሦስቱም 66 ይሆናሉ። ይህ የሸሪዓ ማስረጃ አይደለም፤ የጠቢባን ጨዋታ ነው ብንል ይቀላል። ሆኖም ላሌ በመስጂድ ሸክላዎችና በመጻሕፍት ጌጥ ላይ የከበረ ቦታ እንዲያገኝ ረድቶታል። በሱልጣን ሱለይማን ዘመን ሸይኹል ኢስላም የነበሩት ታላቁ ፈቂህ አቡ ሱዑድ እንኳ ላሌ ያለሙ ነበር። ፈትዋ የጻፈው እጅ አፈር ኮትኩቷል ማለት ነው።

ነገሩ የተለወጠው ከ1718 (እ.ኤ.አ.) በኋላ ነው። ሱልጣን አሕመድ ሣልሳዊ አማቻቸውን ዳማድ ኢብራሂም ፓሻን ታላቅ ወዚር አደረጉ። ከአውሮፓ ጋር ሰላም ወረደ። ባለሥልጣኑም ሀብታሙም ወደ አትክልት ሥፍራው ዞረ። በ1722 በካግትሃኔ ወንዝ ዳር ሰዓዳባድ የተባለው ቤተ መንግሥት ታነጸ፤ በዙሪያውም የመኳንንቱ የመዝናኛ ቤቶች ተደረደሩ። ሌሊት በአበቦቹ መካከል ጀርባቸው ላይ ሻማ የተለኮሰባቸው ኤሊዎች ይለቀቁ እንደነበር ይተረካል። ቅጠሉ እንደ ጩቤ የሾለ አዲስ ዝርያ ያወጣ ሰው ስሙ ይገን ነበር። የአንድ ሥር ዋጋ እጅግ ከመናሩ የተነሣ መንግሥት ለእያንዳንዱ ዝርያ የዋጋ ተመን እስከማውጣት ደረሰ። የእህል ተመን ሲወጣ ሰምተናል፤ የአበባ ተመን ግን ያስደንቃል።

ፍርዳችን ሚዛናዊ ይሁን። እኒሁ ወዚር መድረሳና ቤተ መጻሕፍት አሠርተዋል፤ የትውልድ መንደራቸውንም ነቭሸሂር ብለው ከተማ አድርገዋታል። ኢብራሂም ሙተፈሪቃ ማተሚያ ቤት እንዲያቋቁም የተፈቀደለትም በ1727 በእርሳቸው ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው መጽሐፍ በ1729 ወጣ።

ድሃው ግን ይህን ሁሉ ከአጥር ውጭ ሆኖ ነበር የሚያየው። ግብሩ ከብዶታል፤ ገበያው ተወዶበታል። በ1730 ተብሪዝ በኢራኖች እጅ መውደቋ ተሰማ። ለዘመቻ የተጠራው ጦር በኡስኩዳር ሰፍሮ ቢጠብቅም ሱልጣኑ ዘገዩ። መስከረም ላይ፣ በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 28 ቀን፣ ፓትሮና ኸሊል የተባለ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥ የየኒቸሪ ወታደር ጥቂት ጓዶቹን ይዞ ገበያውን አስዘጋ። በኛ አገር የአደይ አበባ ወቅት ነበር፤ በኢስታንቡል ግን በዚያ ወር አንድም ላሌ አያብብም፤ ሥሩ አፈር ውስጥ ተኝቷል። በጥቂት ቀናት ውስጥ ወዚሩ ታንቀው አስከሬናቸው ለአመፀኞቹ ተሰጠ። ሱልጣን አሕመድ ዙፋናቸውን ለወንድማቸው ልጅ ለመሕሙድ ለቀው ከዓለም ተገለሉ፤ በ1736ም አረፉ። የወንዙ ዳር የመዝናኛ ቤቶች ተዘረፉ፤ ፈራረሱም። ፓትሮና ራሱም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ተገደለ።

«የላሌ ዘመን» የሚለው ስያሜ የወጣው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በዘመኑ የኖሩት እንዲህ ብለው አያውቁም። ስያሜው ለጆሮ ይጥማል፤ ጥፋቱን ግን አበባው ላይ የጫነ ይመስለናል። ላሌ በአቡ ሱዑድ ደጅም አብቦ ነበር፤ ያኔ መንግሥት አልፈረሰበትም። ሰው የተቆጣው አጥር ውስጥ ስለሚሆነውና ለእርሱ ስላልደረሰው ነው።

በዚያ ዘመን መዝገቦች ከሺህ በላይ የላሌ ስሞች ተጽፈዋል። ዛሬ እነዚያ ባለ ሹል ቅጠል ዝርያዎች ጠፍተው በሥዕል ብቻ ይታያሉ። ሱልጣን አሕመድ በ1728 ከቶፕካፒ ቤተ መንግሥት በር ፊት ለፊት ያሠሩት ሰቢል ግን ቆሟል። በእብነ በረዱ ላይ በማስቀመጫ ውስጥ ያሉ አበቦች ተቀርጸውበታል። በማዕዘኖቹ ባሉት መስኮቶች ለመንገደኛ ሁሉ ውኃ በነጻ ይታደል ነበር።