«ፋይት» ስትይ ምን እያልሽ ነው?

እህቴ፣ አሠሪሽ ብትመታሽ ለሰው እንዴት ነው የምትነግሪው? እኔ ዓይን ኤል ረማነህ በነበርኩበት አንድ ቤት ተመትቼ፣ ለጠየቁኝ ሰዎች በእንግሊዝኛ «ፋይት ዊዝ ማዳም» አልኳቸው። «ተጣላን» ማለቴ ነበር። እነሱ ግን «አንቺስ ምን አደረግሻት?» አሉኝ። ለካ ቃሉ እኔንም ተደባዳቢ አድርጎኛል።

የቃሉ ትርጉሞች

1. በአፍ መጨቃጨቅ። ባልና ሚስት ሳይነካኩም «ፋይት» አላቸው ይባላል።
2. መደባደብ። ሁለቱም ወገን እጁን ያነሣበት ማለት ነው።
3. ውጊያ። በፈረንጆች አፕሪል 13 ቀን 1975 እዚሁ ዓይን ኤል ረማነህ ፍልስጤማውያን በተሳፈሩበት አውቶቡስ ላይ ተተኮሰ። ከዚያ ተነሥቶ እስከ 1990 የቆየው የሊባኖስ ጦርነት በዚሁ ቃል ይነገራል።
4. ትግል። የ1946ቱ የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን አያካትትም። ይህ እንዲቀየር መታገልም «ፋይት» ነው።

ከየት መጣ?

ከጥንቱ እንግሊዝኛ «ፌኦህታን» ነው። የጀርመኑ «ፌሽተን» ዘመዱ ሲሆን ዛሬ የሰይፍ ስፖርት ማለት ነው። አንዳንድ የቋንቋ ሊቃውንት ሥሩን ሱፍ ወይም ፀጉር ከመንጨት ጋር ያያይዙታል።

የእኛ «ተጣላ» ግን ከ«ጠላ» ነው የመጣው። ዱላ ሳይኖር፣ በመኮራረፍ ብቻም ሰው ይጣላል። ስለዚህ «ተጣላን»ን ሁልጊዜ «ፋይት» ብለሽ አትተርጉሚው።

አረብኛውስ?

«ሚሽክሌ» ችግር ነው። «ሳር መሽከል» ሲሉ ከሰማሽ ግን ብዙ ጊዜ ጠብ ተነሣ ማለታቸው ነው። መንገድ ላይ ከሆንሽ ወደዚያ አትሂጂ።

እንዲህ በይ

• መታችኝ፦ በእንግሊዝኛ «ሺ ሂት ሚ»፣ በአረብኛ «ደረበትኒ»
• መታኝ፦ «ሂ ሂት ሚ»፣ «ደረበኒ»
• ጮኸችብኝ፦ «ሺ ሻውትድ አት ሚ»፣ «ዓየጠት ዓለዪ»
• በቃል ተጨቃጨቅን፦ «ዊ አርጊውድ»

ማን እንደመታሽ፣ በምን፣ የት ላይና መቼ እንደሆነ ጨምሪ። የጻፉትን እንዲያነቡልሽ ጠይቂ፤ ያልገባሽ ወረቀት ላይ አትፈርሚ። የተመታሽው አንቺ ብቻ ከሆንሽ፣ ወረቀቱ ላይም «ተመታች» ተብሎ ይጻፍ እንጂ «ተደባደቡ» አይባል።