ኮሌጅና የቤትና የመሬት ሥራ፤ ከአሜሪካ ታሪክ የሚገኝ ልምድ

መግቢያ

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት ቤትና ቦታ እየገዛ፣ እያከራየና እየሸጠ ለመኖር ሲያስብ፣ አስቀድሞ የሚያነሣው ጥያቄ ለዚህ ሥራ ኮሌጅ መግባት ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ነው። ወላጆች አብዛኛውን ጊዜ ያስፈልጋል ይላሉ፤ በገበያው ውስጥ የቆዩ ነጋዴዎች ግን የራሳቸውን ሕይወት ምስክር አድርገው አያስፈልግም ይላሉ። መምህሩ በሁለቱ መካከል ቆሞ ምክር እንዲሰጥ ይጠየቃል፤ የትምህርት ዕቅድ አውጪውም ለዚህ ሥራ የሚረዳው ዕውቀት በየትኛው የትምህርት ደረጃ መሰጠት እንዳለበት መወሰን ይኖርበታል።

ጥያቄው በዝናና በወሬ ሊመለስ አይገባውም። ሙያው ያለ ትምህርት ቤት ተጀምሮ ቀስ በቀስ ወደ ኮሌጅ የገባበትን መንገድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ለመከተል የሚያስችል ታሪክ ካላቸው አገሮች አንዷ ዩናይትድ ስቴትስ ናት። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የዚያች አገር ልምድ ይመረመራል፤ በመጨረሻም ለኢትዮጵያ መምህራን የሚሆነው ቁም ነገር ይመለከታል። ስለ አሜሪካ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙያው ትምህርት ቤት ባልነበረው ዘመን

በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ከተሞች የቤትና የመሬት ነጋዴ ለመሆን ምንም ዓይነት የትምህርት ማስረጃ አይጠየቅም ነበር። ጠረጴዛና ወንበር ተከራይቶ ስሙን በበሩ ላይ የጻፈ ሁሉ ደላላ ነኝ ማለት ይችል ነበር። ዕውቀቱ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከአጎት ወደ ወንድም ልጅ፣ ከነጋዴው ወደ ጸሐፊው ይተላለፍ ነበር። ታማኙና አጭበርባሪው በአንድ ስም ይጠሩ ስለ ነበር፣ ታማኞቹ ራሳቸውን ለመለየት መደራጀት ግድ ሆነባቸው። በ1908 ዓ.ም. 120 ሰዎች በቺካጎ ተሰብስበው የአገሪቱን የቤትና የመሬት ነጋዴዎች ማኅበር መሠረቱ፤ በ1913 ዓ.ም. ደግሞ የሥነ ምግባር ደንብ አወጡ።

ቀጥሎ የመጣው የሥራ ፈቃድ ሕግ ነው። ካሊፎርኒያ በ1917 ዓ.ም. ያወጣችው ሕግ በፍርድ ቤት ተሽሮ፣ በ1919 ዓ.ም. በአዲስ መልክ ወጣ። የነዚህ የመጀመሪያ ሕጎች ዓላማ አታላዩን ከገበያ ማስወጣት እንጂ የተማረውን ወደ ገበያ ማስገባት አልነበረም። እንግዲህ መንግሥት በመጀመሪያ የጠየቀው ታማኝነትን እንጂ ዲግሪን እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል።

በ1920 ዓ.ም. ፕሮፌሰር ሪቻርድ ኢሊ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የመሬት ኢኮኖሚክስ ምርምር ተቋም አቋቋሙ። የነጋዴዎቹ ማኅበርም ከዚህ ተቋም ጋር በመተባበር የማስተማሪያ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ አደረገ፤ ኧርነስት ፊሸር የጻፉት የሙያው መሠረታዊ መማሪያ መጽሐፍ በ1923 ዓ.ም. ታተመ። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ገበያው እጅግ ስለ ደመቀ፣ ከመጽሐፉ ይልቅ የጎረቤት ትርፍ የሚያስተምረው ሰው ይበዛ ነበር።

ልምድ ያላስተማረው ነገር

ልምድ ብቻውን በቂ አለመሆኑን በግልጽ ያሳየው የፍሎሪዳ የመሬት ገበያ ነው። በ1925 ዓ.ም. በማያሚ ከተማ ጎዳናዎች ላይ ብዙ ወጣቶች የቦታ መያዣ ወረቀት ይሸጡ ነበር። ገዢው ከዋጋው ጥቂቱን ብቻ ከፍሎ ወረቀቱን ይቀበላል፤ ዋናው የመጀመሪያ ክፍያ የሚጠየቀው ከአንድ ወር ያህል በኋላ ስለ ሆነ፣ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ወረቀቱን አትርፎ ለሌላ ያስተላልፋል። አንድ ቦታ በዚህ ዓይነት ማንም ሳያየውና ማንም ሳይሠራበት ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር።

በዚያው ዓመት መከር የባቡር ኩባንያዎች በጭነት መጨናነቅ ምክንያት ወደ ፍሎሪዳ የሚሄደውን የሕንፃ ዕቃ ማጓጓዝ ገደቡ። በጥር 1926 ዓ.ም. አንዲት ትልቅ መርከብ ተገልብጣ የማያሚን ወደብ ዘጋች። በመስከረምም ብርቱ አውሎ ነፋስ ከተማዋን መታት። አዲስ ገዢ በጠፋ ጊዜ እያንዳንዱ ወረቀት የዕዳ ሰንሰለት እንደ ነበረ ታወቀ፤ የመጨረሻው ገዢ መክፈል ሲያቅተው ኪሳራው ወደ ኋላ እየተመለሰ የቀደሙትን ሻጮች ሁሉ ነካ።

እነዚህ ወጣቶች ሰነፎች አልነበሩም፤ ገበያውንም በየቀኑ ያዩት ነበር። ጉድለታቸው ልምዳቸው የዋጋን መውጣት ብቻ የያዘ መሆኑ ነው። ልምድ የሚያስተምረው በዘመኑ የተከሠተውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ከልምዱ በፊት የሆነውን የሚነግር ትምህርት ያስፈልጋል። ታሪክና ሒሳብ ለዚህ ሙያ የሚሰጡት ዋና ጥቅም ይህ ነው።

ከፍሎሪዳ የሚብሰው ጉዳት ከ1929 ዓ.ም. በኋላ መጣ። በዚያ ዘመን የቤት መያዣ ብድር አብዛኛውን ጊዜ ለ3 ወይም ለ5 ዓመት ብቻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ብዙው ተበዳሪ በየጊዜው ወለዱን እየከፈለ ዋናውን ገንዘብ በመጨረሻ በሌላ ብድር ይተካ ነበር። ባንኮች ብድር ማደስ ባቆሙ ጊዜ ወለዱን ሳያጓድል የከፈለው እንኳ ቤቱን አጣ። በ1933 ዓ.ም. በቀን ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤቶች በዕዳ ይያዙ ነበር። መንግሥት በዚያው ዓመት ያቋቋመው የቤት ባለቤቶች ብድር ድርጅት እስከ 1936 ዓ.ም. ድረስ ከ1,000,000 በላይ ብድሮችን ተረክቦ፣ ዋናውና ወለዱ በ15 ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ እንዲከፈል አደረገ። ይህን ያህል ቤት ለመገመት በአንድ ሥርዓት የሠለጠኑ ሰዎች ይፈለጉ ስለ ነበር፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የንብረት ገማቾች ማኅበርና የዩኒቨርሲቲ ትምህርቶች ክብደት አገኙ። ስለዚህ ኮሌጅ ወደ ሙያው የገባው ሀብታም ለማፍራት ሳይሆን፣ በሌላው ሰው ግምት ተማምኖ የሚያበድረውንና የሚበደረውን ከጥፋት ለመጠበቅ ነው።

የዲግሪ ባለቤቶች ስሕተት

ይህ ሲባል ግን ኮሌጅ የገባ ሁሉ ትክክለኛ ፈራጅ ይሆናል ማለት አይደለም። ሆመር ሆይት በ1933 ዓ.ም. ስለ ቺካጎ የመቶ ዓመት የመሬት ዋጋ የጻፉት የዶክትሬት ጥናት የከተማን ዕድገት ለመረዳት እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ሥራ ነው። ሆኖም በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሕዝቦችን በዘራቸው በመለየት በመሬት ዋጋ ላይ ያመጣሉ በተባለው ለውጥ መሠረት በተራ የሚደረድር ዝርዝር ይገኛል። ሆይት በ1934 ዓ.ም. የፌዴራሉ የቤት ጉዳይ አስተዳደር ባልደረባ ሆኑ፤ መሥሪያ ቤቱ ያወጣው የ1938 ዓ.ም. የግምት መመሪያም ዘሮች ተቀላቅለው እንዳይኖሩ የሚከለክል ውል እንዲኖር ይመክር ነበር። በዚህ ምክንያት ጥቁሮች ለብዙ ዓመታት ከቤት ብድር ርቀው ኖሩ። በቤት ሽያጭና ኪራይ ላይ የዘር ልዩነት ማድረግ በፌዴራል ሕግ የተከለከለው በ1968 ዓ.ም. ነው።

የአንድ ደላላ ጥላቻ የሚጎዳው በደጁ የሚያልፈውን ሰው ነው፤ የሳይንስ ስም ተሰጥቶት በመመሪያ የተጻፈ ጥላቻ ግን አገር ያዳርሳል። ስለዚህ ኮሌጅ የሙያውን ሥልት ሲያስተምር፣ ሥልቱ የተመሠረተበትን ግምት መመርመርንም ካላስተማረ ሥራው ጎደሎ ይሆናል።

ዲግሪ የሌላቸው ታላላቅ ነጋዴዎች

ኮሌጅ አያስፈልግም የሚሉ ወገኖች ምሳሌ የሚያደርጓቸው ሰዎች አሉ። ዊልያም ሌቪት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲን ሳይጨርሱ ትተው፣ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ በኒውዮርክ አቅራቢያ ከ17,000 በላይ ቤቶች ያሉበትን ሌቪታውን ሠሩ። ነገር ግን አባታቸው የሕግ ባለሙያ እንደ ነበሩ፣ ድርጅታቸውም በጦርነቱ ጊዜ ለባሕር ኃይል ሠራተኞች ቤቶችን በብዛት በመሥራት እንደ ሠለጠነ መዘንጋት አይገባም። ሌቪትም ጥቁሮችን ወደዚያ ሰፈር አላስገቡም፤ ዲግሪ የሌለውም ከላይ ከተጠቀሰው ጥፋት ነጻ አልነበረም ማለት ነው።

ዊልያም ዜከንዶርፍም ያንኑ ዩኒቨርሲቲ ሳይጨርሱ በአጎታቸው ድርጅት ሥራ ጀመሩ። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት የተሠራበትን ቦታ አሰባስበው በ1946 ዓ.ም. በ8.5 ሚሊዮን ዶላር የሸጡት እሳቸው ናቸው። በ1948 ዓ.ም. ደግሞ በታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች የተማሩትን አርክቴክት አይ ኤም ፔይን ቀጠሩ። እሳቸው ያልያዙትን ዕውቀት ከሌላው በደመወዝ ይገዙ ነበር። ይሁን እንጂ ከፍተኛ ወለድ በሚከፈልበት ብድር ላይ የቆመው ኩባንያቸው በ1965 ዓ.ም. ከሰረ። የቦታን ዋጋ አስቀድሞ የማየት ተሰጥኦ የወለድን ሒሳብ አይተካም።

የጄምስ ራውስ ታሪክ ለመምህራን ይበልጥ ትምህርት ይሰጣል። ራውስ በ1930 ዓ.ም. እናትና አባታቸውን አጡ፤ የጀመሩትንም የዩኒቨርሲቲ ትምህርት በገንዘብ እጦት አቋረጡ። በባልቲሞር ቀን መኪና በማቆም ሥራ ተቀጥረው፣ ማታ ሕግ ተምረው በ1937 ዓ.ም. ተመረቁ። በ1939 ዓ.ም. የቤት ብድር ድርጅት አቋቋሙ፤ በ1967 ዓ.ም. የተከፈተችውን የኮሎምቢያ ከተማ ሲያቅዱም ከትምህርት፣ ከጤናና ከማኅበራዊ ኑሮ ጥናት የተውጣጡ ባለሙያዎችን አማከሩ። ሥራና ኮሌጅ አንዱ ሌላውን የሚያስቀር ሳይሆን በአንድ ሰው ሕይወት ጎን ለጎን ሊሄዱ የሚችሉ መሆናቸውን የማታው ትምህርት አረጋገጠ።

ሕጉ ያደረገው ልዩነት

በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ የአሜሪካ የቁጠባና የብድር ተቋማት ሲወድቁ፣ ለውድቀቱ ምክንያት ከሆኑት አንዱ የተጋነነ የንብረት ግምት መሆኑ ታወቀ። በ1989 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ጋር ግንኙነት ላለው ብድር የሚገምት ሰው ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ እንዲኖረው አዘዘ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፍተኞቹ የገማችነት ደረጃዎች የመጀመሪያ ዲግሪ ተጠየቀ። በ2018 ዓ.ም. ግን መለኪያው ተሻሽሎ፣ የመኖሪያ ቤት ገማቾች ከዲግሪ ሌላ አማራጭ መንገድ እንዲኖራቸው ሲደረግ፣ ትላልቅ የንግድ ሕንፃዎችን ጭምር ለሚገምቱት የዲግሪው ግዴታ ጸና። በሌላ በኩል በራሱ ገንዘብ ቤት ለሚገዛ ሰው ዲግሪ የጠየቀ ሕግ አልወጣም። ሕጉ የጠየቀው የትምህርት መጠን የሌላው ሰው ንብረት ለአደጋ በሚጋለጥበት መጠን የሚያድግ መሆኑን ከዚህ ማየት ይቻላል።

ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የሚሆነው ቁም ነገር

የአሜሪካ ልምድ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም። በኢትዮጵያ በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ሆኗል፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ደንግጓል። የከተማ ቦታ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ በወጡት የሊዝ አዋጆች መሠረት ለተወሰነ ዘመን ይያዛል እንጂ አይሸጥም። ስለዚህ እዚህ አገር በቤት ሥራ የሚሠማራ ወጣት የያዘው ሕንፃና የጊዜ ገደብ ያለው የመጠቀም መብት ነው። ይህን ሳይረዳ ውል የሚፈርም ሰው ምን እንደ ገዛ አያውቅም።

አሳሳቢው ነገር ይህ ዕውቀት ኮሌጅ ለሚገቡት ብቻ የተተወ መሆኑ ነው። ለምሳሌ አንድ ሰው 1,000,000 ብር በዓመት 12 በመቶ ወለድ ተበድሮ ቤት ቢገዛ፣ ወለዱ ብቻ በወር 10,000 ብር ነው። ቤቱ በ8,000 ብር ቢከራይ በየወሩ 2,000 ብር፣ በዓመት 24,000 ብር ከኪሱ ይጨምራል፤ ዋናው ዕዳ ግን አንድ ብር አልቀነሰም። ይህን ለማስላት የኮሌጅ ሒሳብ አያስፈልግም፤ የመቶኛን ትምህርት ከኑሮ ጋር አገናኝቶ የሚያስተምር መምህር ይበቃል። እንደዚሁም ውልን አንብቦ መረዳት በአማርኛ ክፍለ ጊዜ፣ የከተማ ዕድገት በጂኦግራፊ፣ የገበያ መውጣትና መውረድ በታሪክ ሊሰጥ ይችላል።

ማጠቃለያ

ከላይ ከተመለከተው ታሪክ የሚገኘው መልስ እንደ ሥራው ዓይነት የተለያየ ነው። በራሱ ገንዘብ በጥቂቱ ለሚጀምር ሰው ኮሌጅ ግዴታ አይደለም፤ ሒሳብን፣ ውልንና የዕዳን ጠባይ ማወቅ ግን ግዴታው ነው። በሌላው ገንዘብ ለሚሠራ ሰው ወይ መማር ወይ የተማረ አማካሪ መያዝ ያስፈልገዋል። ሌሎች በቃሉ ተማምነው ለሚያበድሩበትና ለሚገዙበት ገማች፣ መሐንዲስና የሕግ ባለሙያ ግን መደበኛ ትምህርት የግድ ነው።

ስለዚህ መምህሩ ተማሪውን ሲመክር መጀመሪያ ሊጠይቀው የሚገባው፣ ብትሳሳት የሚጠፋው የማን ገንዘብ ነው ብሎ ነው። ዕቅድ አውጪውም የማታ ትምህርትን ማስፋፋትና የዕዳን ሒሳብ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ማውረድ ይጠበቅበታል። ኮሌጅ የማይገባው ተማሪ ቁጥሩ ብዙ ነውና፣ ለእሱ የሚሆነው ትምህርት ከትምህርት ቤቱ በር ሳይወጣ በፊት ሊሰጠው ይገባል።